የጫማ አከራይዋ

ጫማ አከራይ ነኝ፣ ቢቶም ከተማ ላይ፣
ሰውን በእግሩ ጠረን የማውቅ ከስሙ በላይ።
የመውጫ አዳራሻችን ከተከፈተ ሦስት ሳምንት አይሞላ፣
የበሩ ቀለም ገና እርጥብ ነው፤
አስተያየቱ ግን ሞልቶ ፈሰሰ ከዚያ ወዲህ ሁላ።

ቦግና መጣች፤ ጣቷ የተላጠ፣ አንደበቷ የሰላ፣
«ደረጃችሁ ተጋኗል፤ ስድስት ያላችሁት አምስትም አይሞላ።
እኔ የዩራን ዓለት በጥፍሬ ቧጥጬ የወጣሁ ሴት፣
ይኼ ምኑ ግድግዳ ነው? የአክስቴ ቤት ደረጃ፣ ያውም ምንጣፍ ያለበት!»
ብላ ሰማያዊውን መንገድ ጀመረች፤
ሦስተኛው መጨበጫ ላይ አዳለጣት፣ ፍራሹ ላይ ተዘረረች።
«አዲስ ስለሆነ ነው የሚያንሸራትተው» አለችኝ፣ ዐይኔን ሳታይ፤
እኔ ጫማ አከራይ ነኝ፣ ምን አገባኝ፣ ጎንበስ አልሁ ሥራዬ ላይ።

ክሳቬሪ ደግሞ፣ ቁመቱ ከባንኮኒዬ ብዙም የማይዘል፣
«የቢጫው መንገድ ቀያሽ ክንዱ ስንት ክንድ ነው?» ይላል።
«መጨበጫውን ወስዶ ጣራ ሥር ሲሰቅለው
አጭር ሰውም እንደሚከፍል አላሰበም? ወይስ ለእኔ ግማሽ ዋጋ ነው?»

ዋጋ ሲነሣ ሚሬላ አለች፤ ተማሪ ናት፣ ኪሷ የሳሳ፣
«አርባ ስምንት ዝሎቲ! ሳምንት ያበላኛል፣ ድንችና ዓሣ።»
ከፍላ ግን ትገባለች፤ መብራት ካላጠፋንባት አትወጣም፣
«ገንዘቤን በላብ ካላስመለስሁት» ትላለች፣ «እንቅልፍ አይመጣም።»

ሙዚቃው ጮኸ የሚል አለ፤ አነሰ የሚልም አለ፣
ኬካችሁ ከመጨበጫችሁ ጠጠረ ያለም አለ።
አግዳሚ ወንበር ጠፋ ብለው የተቆጡ ብዙ፤
ቀኑን እንደ ዝንጀሮ ከጥግ ጥግ ሲጓዙ
ውለው፣ ማታ «መጀመሪያ መቀመጫዬን» ብለው ነዘነዙ።

ዤሞቪት አቧራውን ጠላ፤ ለእጅ የሚቀቡትን ነጭ ዱቄት።
አዳራሹ፣ እውነቱን ነው፣ መስሏል ወፍጮ ቤት።
«ሳንባችን ውስጥ ነው የሚያርፈው» አለኝ፣ አፉን በመሐረብ ይዞ።
አያቴ በዚችው ከተማ ጥቁር ይስል ነበር፤
እናቴ መሐረቡን ስታጥብ ውኃው ቀለም ይሆን ነበር።

ረቡዕ ጧት ነው፤ ከቦግና በቀር አዳራሹ ባዶ፣
ከመስኮቱ ውጭ የሚያመነታ በረዶ።
አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ እንደ ሁሉም ሰው ትኬት ቆርጠው፣
ባንኮኒዬ ፊት ቆሙ፣ ወደ ጣራው አንጋጠው።
እንደ ልማዴ «ቁጥርዎ ስንት ነው?» አልኋቸው።
«አራት መቶ ስድስት።»
«እንዲህ ያለ እግር እንኳ የለንም፣ አባቴ» ብዬ ሳቅሁባቸው።

አልሳቁም። በጣታቸው አሳዩኝ፣
ባለቤቱ ለጌጥ የተዋቸውን የብረት መዘውሮች።
«እዚያ፣ ከቀዩ መንገድ በላይ፣ የእኔ ሰንሰለት ነበረች።»
መታጠቢያ ነበር ይኼ፤ የከሰል ቆፋሪ ቤት።
«ንጹሕ ልብሳችንን በሰንሰለት ስበን ጣራ እንሰቅላለን፣
የቆሸሸውን ለብሰን ስምንት መቶ ሜትር እንወርዳለን።
ማታ የወረደ ሲወጣ የተሰቀለው ይወርዳል፤
አንድ ኮት ብቻ ሳይወርድ ከቀረ፣ ውኃው እንኳ ዝም ይላል።
ሚስቶቻችን በር ላይ ቆመው
አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው።
ወጣ ወይ?»

«ወጣሁት!» አለች ቦግና፣ ከሰማያዊው ጫፍ።
«አንድ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው፣ በልማድ አፍ።

አስተያየት መሰብሰብ ለምዶብኝ «አዳራሻችንስ?» አልኋቸው።
ጎንበስ ብለው ፍራሹን ተጫኑት በመዳፋቸው፤
ቆዩ።
«ይኼ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሄዱ።

በሳምንቱ ረቡዕ ተመልሰው መጡ፤ አሎይዝ ይባላሉ፤
አርባ ሦስት ቁጥር ሰጠኋቸው፣ ጠበበኝ አሉ።
ከዚያ ኮታቸውን ተቀብዬ ከኋላዬ ሰቀልሁ፤
እስኪወርዱ ድረስ
ዐይኔን ከኮቱ አልነቀልሁ።